የስቶሬጅ ሰርቨርን ማፍጠን፦ ትእዛዙን በቀጥታ ወደ ዲስኩ መላክ

ለጥምቀት ጎንደር ውስጥ የሚቀረጸው ቪዲዮ ብዙ ነው። ፒያሳ ያለ ስቱዲዮ ቀረጻውን ሊኑክስ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በአይስካዚ (ዲስክን በኔትወርክ በኩል የመስጫ ዘዴ) ለኤዲቲንግ ኮምፒውተሩ ሲሰጥ ሥራው ከተንቀራፈፈ፣ አዲስ ዲስክ ከመግዛት በፊት የባክስቶሩን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚሰጠውን ማከማቻ የሚይዝበትን መንገድ፣ ዓይነት ይዩ።

ባክስቶሩ ፋይልአይኦ (እንደ ዲስክ የሚያገለግል ኢሜጅ ፋይል) ከሆነ እያንዳንዱ ጥያቄ በፋይል ሲስተሙና በራሙ በኩል ዞሮ ነው ዲስኩ ላይ የሚደርሰው። ከዝግመቱ የሚብሰው ደግሞ፣ ራይትባክ ከተከፈተ ሰርቨሩ ዳታው ገና ራም ላይ እያለ «ተጽፏል» ብሎ ይመልሳል። በዚያች ሰዓት መብራት ከሄደ ፋይሉ ጠፋ ማለት ነው። ብሎክ የሚባለው ዓይነት ግን ሁለቱንም ዘሎ ጥያቄውን በቀጥታ ለዲስኩ ያስረክባል። ለአብዛኛው ሥራ የምንመክረው ይህን ነው።

ፒኤስሲኤስአይ የሚባለው ሦስተኛ ዓይነት ከዚህም ያልፋል፤ የስካዚውን (ኮምፒውተር ዲስክን የሚያዝበትን ቋንቋ) ትእዛዝ ሳይነካ ያሳልፋል። ችግሩ ዲስኩ ሁሉንም ደንበኞች (ከሰርቨሩ ጋር የተገናኙትን ኮምፒውተሮች) እንደ አንድ ስለሚያያቸው ሪዘርቬሽን፣ ማለትም አንዱ ደንበኛ ዲስኩን ለራሱ የሚይዝበት ትእዛዝ፣ በትክክል አይሠራም። አንድ ደንበኛ ብቻ ካለ ወይም መሣሪያው የቴፕ ድራይቭ ከሆነ ይጠቀሙበት።

ከፋይልአይኦ ወደ ብሎክ የሚቀየረው እንዲህ ነው። ዳታውን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ የድሮው ኢሜጅ ፋይል ወደ አዲሱ በራሱ አይዛወርም። ለብሎክ የሚሰጡት ዲስክ የትም ማውንት አለመደረጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ ራሱ እየተጠቀመበት አለመሆኑን፣ ያረጋግጡ። ታርጌትሲኤልአይ (አይስካዚን የሚያዋቅሩበት የሊኑክስ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተው በብሎክ ሥር ባክስቶር ይፍጠሩ፤ የዲስኩን አድራሻ ሲሰጡ በመለያ ቁጥሩ የተሰየመውን ይምረጡ፣ ምክንያቱም ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞች ሰርቨሩ ተነሥቶ ሲመጣ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ቀጥሎ ታርጌቱን (ደንበኛው የሚገናኝበትን የሰርቨሩን አድራሻ)፣ ሉኑን (ደንበኛው እንደ ዲስክ የሚያየውን ማከማቻ) እና የደንበኛውን ፈቃድ ይጨምሩ፤ ፖርት 3260 በፋየርዎሉ ይከፈት። ከመውጣትዎ በፊት ኮንፊጉን ሴቭ ያድርጉ።

አንድን ሉን ለሁለት ኤዲቲንግ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ አይስጡ። የዊንዶውሱ ፋይል ሲስተም ኤንቲኤፍኤስም ሆነ የሊኑክሱ ኤክስት4 ይህን አይችልም፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያውቅ ይደመስሰዋል።

ልዩነቱን ሲለኩ ይጠንቀቁ። ፋይልአይኦ በአጭር ሙከራ ፈጣን መስሎ ይታያል፤ የተለካው ግን ራሙ ነው። ሰርቨሩ 8 ጊጋባይት ራም ካለው ቢያንስ በ16 ጊጋባይት ፋይል ይፈትኑ። የመጻፍ ሙከራ ዳታ ባለበት ዲስክ ላይ በቀጥታ አይደረግም። ኔትወርኩ 1 ጊጋቢት ከሆነ ዲስኩ ምንም ያህል ቢፈጥን በሰከንድ ከ110 እስከ 118 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ እዚያ ከደረሱ ማነቆው ኬብሉና ስዊቹ ነው።

ብሎክም ቢሆን የዲስኩን የራሱን ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) አያስቀርም፤ ስለዚህ ሰርቨሩን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አያሠሩ።