የመፀው ጉዞ ወደ ኤስቴስ ፓርክ፦ ቀኑን የሚያበላሹ ስህተቶች

ሴፕቴምበር ሲጋመስ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ያለው ሰው ሁሉ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ወይ?» መባባል ይጀምራል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቁርስ ተበልቶ፣ ልጆች ለባብሰው፣ መኪና ሞልቶ ረፋዱ ላይ ወደ ኤስቴስ ፓርክ ጉዞ ይጀመራል። በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቀው መንገድ በሰልፍ ምክንያት ይጎተታል። ከተማው ሲደረስ መኪና ማቆሚያ የለም። የፓርኩ በር ላይ ደግሞ «ሪዘርቬሽናችሁን አሳዩ» ይባላል። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ልጆቹ የሚያወሩት ስለበሉት አይስክሬም ብቻ ነው።

ጥፋቱ የከተማዋ አይደለም። ኤስቴስ ፓርክ በ2,293 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ምሥራቃዊ በር አጠገብ ያለች ትንሽ የተራራ ከተማ ናት። በዚህ ወቅት እዚያ የሚታየው ደህና ነገር ሁሉ የሚታየው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሰው ግን የሚደርሰው ቀትር ላይ ነው። ከታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች የሚበዙት ከዚህ የሰዓት አለመገጣጠም የሚመጡ ናቸው። ሰዓቶቹን የጻፍኩት በኛ አቆጣጠር ነው።

ዓመታዊ ካርድ አለኝ ብሎ ያለ ቀጠሮ መሄድ

ፓርኩ ከ2020 ጀምሮ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ የሚገባውን ሰው በሰዓት ቀጠሮ ሲያስተናግድ ቆይቷል። ቀጠሮው ከመግቢያው ክፍያ የተለየ ነው፤ ዓመታዊ ካርድ ያለውም ሰው ቀጠሮ መያዝ አለበት። ብዙ ሰው በር ላይ የሚከራከረው በዚህ ነው፣ ክርክሩም አያዋጣም።

ቀጠሮው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቤር ሌክ ወደሚባለው ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ የሚጨምር ሲሆን ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል። ሌላው ለቀሪው የፓርኩ ክፍል ሲሆን የሚያስፈልገው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ ቤር ሌክን ትቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት የገባ፣ ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው ቀጠሮ ሳይዝ ያልፋል ማለት ነው። ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖችም የሚታዩት በእነዚያው ሰዓቶች ነው። ቤር ሌክ ካልሄድን ለምትሉ፣ የሚቀጥለው ወር ቀጠሮ በወሩ መጀመሪያ ቀን «ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ» ላይ ይለቀቃል። የተወሰነው ተይዞ ይቆይና በዋዜማው ምሽት ይከፈታል፤ ያኔ ስልክ ይዞ መጠበቅ ነው። ዝርዝሩ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

ኤልክን በቀትር መፈለግ፣ ሲገኝም መጠጋት

ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያለው ጊዜ የኤልክ የመራቢያ ወቅት ነው። ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው፤ ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለእኔ ከቅጠሉም በላይ ጉዞው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፀሐይ ከጋራው ጀርባ ልትገባ ስትል ከጥዱ ጫካ ወጥተው ሞሬን ፓርክና ሆርስሹ ፓርክ በሚባሉት ሜዳዎች ላይ ይሰበሰባሉ። ወንዱ አንገቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ቅርንጫፋም ቀንዱን ወደ ጀርባው ያስተኛል፣ ከዚያ ይጮኻል። ድምፁ ከሆዱ በወፍራሙ ይነሳና እየቀጠነ ሄዶ ፉጨት ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያጉረመርማል። ብርድ ከሆነ ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት ይታያል። ከሜዳው ማዶ ሌላው ይመልስለታል። ሴቶቹን ሰብስቦ የያዘው ወንድ ሌሊቱን ሲሮጥ፣ ሲያባርር፣ ሲጋፋ ያድራል። ምግብ የሚበላበት ጊዜ እንኳ የለውም፤ ክረምቱ ሲገባ ከስቶ ይገኛል።

ቀትር ላይ ይኼ ሁሉ የለም። እንስሳቱ ጥላ ውስጥ ተኝተው ያመሰኳሉ፣ ሰውም «የታለ ኤልኩ?» እያለ ይዞራል።

ሁለተኛው ጥፋት መጠጋት ነው። ኤልኮቹ ከተማው ውስጥ፣ ጎልፍ ሜዳው ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ አንዳንዴም መኪና ማቆሚያው ላይ ስለሚንጎራደዱ ለማዳ ይመስላሉ። ለማዳ አይደሉም። በዚህ ወቅት ወንዱ የቆመ ሰውንም የቆመ መኪናንም እንደ ተቀናቃኝ ሊያይ ይችላል። የፓርኩ ደንብ ከኤልክ ቢያንስ 23 ሜትር፣ ከድብና ሙስ ከሚባለው ሌላ ትልቅ የአጋዘን ዘር ደግሞ 37 ሜትር መራቅን ያዛል። ሜትር መቁጠር ያስቸገረው ሰው ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አውራ ጣቱን ያቅና፤ ጣቱ እንስሳውን ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነው በጣም ቀርቧል። ልጅን ከኤልክ ፊት አቁሞ ፎቶ ማንሳት የሚባል ነገር ጨርሶ አይታሰብ። በባትሪ ማብራት፣ ድምፁን አስመስሎ መጥራት፣ መመገብ፣ ሁሉም የተከለከለ ነው። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ጠዋት ከመንገድና ከተፈቀደ የእግር መንገድ ወጥቶ ሜዳው ውስጥ መግባት ክልክል ነው። መኪናውን ዳር ይዞ አቁሞ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ሞተር አጥፍቶ ማዳመጥ ይበቃል።

እነዚህ እንስሳት ከአካባቢው በአደን ጠፍተው ነበር። አሁን የምናያቸው በ1913 እና በ1914 ከየሎውስቶን ተጭነው ከመጡት የተወለዱ ዘሮች ናቸው፤ ፓርኩ ራሱ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1915 ነው።

ቢጫውን ቅጠል በቀን መቁጠሪያ መጠበቅ

ቢጫ የሚሆነው አስፐን የሚባለው ዛፍ ነው። ለውጡ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከፍ ያለው ቦታ በሴፕቴምበር አጋማሽ ሲጀምር፣ ዝቅ ያለው እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደምቀው በሴፕቴምበር መጨረሻ ሳምንት ነው። ግን አንድ ሌሊት የነፈሰ ነፋስ ጋራውን ሊያራቁተው ይችላል። ስለዚህ ከወር በፊት በቆረጡት ቀን ላይ ችክ ከማለት ሁለት አማራጭ ቀን መያዝ ይሻላል። የዘገየ ሰው ዝቅ ወዳለው ቦታ ይሂድ፣ የቀደመ ሰው ከፍ ይበል።

ቢጫው ቀለም አዲስ የሚመጣ አይደለም፤ በጋውን ሙሉ ቅጠሉ ውስጥ ነበር። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል መሥራት ሲያቆም የተሸፈነው ብቅ ይላል። አስፐን ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ስለሚያበቅል አንዱ ጎራ በሙሉ ወርቅ ሲሆን አጠገቡ ያለው ገና አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ፎቶ የምታነሱ ሰዎች ፀሐይዋን ከቅጠሉ ጀርባ አድርጉ። አናት ላይ ስትሆን ቀለሙ ይሞታል፤ ይኸው እንደገና የጠዋትና የማታ ነገር።

ቤር ሌክን ካላየሁ ብሎ መሞትም አያስፈልግም። ከኤስቴስ ፓርክ ወደ ደቡብ፣ በአለንስፓርክ አድርጎ ወደ ኔደርላንድ የሚወስደው «ፒክ ቱ ፒክ» የሚባለው መንገድ በአስፐን የተሞላ ነው፣ የፓርክ ቀጠሮም አይጠይቅም። ከ1918 ጀምሮ ለእይታ የተመረጠ መንገድ ነው። በእኔ አስተያየት ለአንድ ቀን ጉዞ ከቤር ሌክ ግርግር ይሻላል።

ቅጠል፣ የወደቀ ቀንድ፣ የጥድ ፍሬ ከፓርኩ ለቅሞ መውሰድ ክልክል መሆኑን ለልጆች ቀድሞ መንገር ጥሩ ነው።

ለዴንቨር አየር ለብሶ ተራራ መውጣት

ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው ትሬይል ሪጅ የሚባለው መንገድ 3,713 ሜትር ድረስ ይወጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ይቀንሳልና ኤስቴስ ፓርክ ውስጥ በቲሸርት የዋለ ሰው ላይኛው ጫፍ ላይ 9 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠብቀዋል፤ ነፋሱ ሲጨመር ይብሳል። በሴፕቴምበር በረዶ መጣሉም የሚያስደንቅ አይደለም። ኮፍያ፣ ጓንትና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃንም ጭምር። ጂንስና የጥጥ ሹራብ አንዴ ከረጠቡ አይደርቁም።

ከፍታውን በተመለከተ «እኛ የደጋ ልጆች ነን» የሚል መተማመን አለ። አዲስ አበባና ኤስቴስ ፓርክ በከፍታ ብዙም እንደማይራራቁ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውነት የለመደውን ከፍታ በሳምንታት ውስጥ ይረሳል፤ ሂዩስተን ወይም ዋሽንግተን ዓመታት የኖረ ሰው እንደማንኛውም የቆላ ሰው ነው። ትሬይል ሪጅ አናት ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ካላችሁ በደረሰ ማግስት አናት ላይ አታውጡት። አንድ ሁለት ሌሊት ዴንቨር ይደር፣ ውኃ ይጠጣ፣ መጠጡን ይቀንስ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው መድኃኒቱ መውረድ ነው። «ትንሽ ቆይተን እንይ» አያዋጣም።

ለቡናው ከሰል ይዞ መሄድ

ይህን ለብቻው ማንሳት የፈለግሁት ሽርሽር ያለ ጀበና የማይሆንላቸው ብዙ ስለሆኑ ነው። መፀው እዚያ ደረቅና ነፋሻማ ነው። በ2020 ኢስት ትራብልሰም የሚባለው እሳት የተነሳው ኦክቶበር 14 ቀን ነበር። ከምዕራብ ተነስቶ የተራራውን ሰንሰለት ተሻግሮ መጣና ኦክቶበር 22 የኤስቴስ ፓርክ ነዋሪ ከተማውን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። በዚያው ዓመት ካሜሮን ፒክ የተባለው ሌላ እሳት ከ84 ሺህ ሄክታር በላይ በላ፤ በኮሎራዶ ታሪክ ትልቁ ነው።

በፓርኩ ውስጥ እሳት የሚፈቀደው በተዘጋጁ የብረት ማንደጃዎች ላይ ብቻ ነው፤ የእሳት እገዳ ሲታወጅ እሱም ይቀራል። ሣር ላይ የተቀመጠ የከሰል ምድጃ ቅጣት ያመጣል፣ ከባሰም ሌላ ነገር ያመጣል። ቡናውን ቤት አፍልቶ በፔርሙዝ መያዝ ነው። ዕጣኑ ይቅር።

ምግብ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ

ጥቁር ድቦች ከክረምቱ እንቅልፍ በፊት ለመወፈር በቀን እስከ 20 ሰዓት ይበላሉ፣ እስከ 20,000 ካሎሪም ይፈልጋሉ። የመኪና በር መክፈት ያውቃሉ። ድርቆሹን፣ ዶሮውን፣ የልጅ ጭማቂውን አውጡ፣ በሩን ቆልፉ።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ

ከትሬይል ሪጅ ሲወረድ ፍሬኑን ያለማቋረጥ የሚረግጥ ሰው ታች ሳይደርስ ይሸተዋል፤ የጋለ ፍሬን አይዝም። ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ ሞተሩ ይያዘው። መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ የዳር መከላከያ የለውም፣ ከፍታ የሚፈራ ተሳፋሪ ካለ ወደ ተራራው ባለው በኩል ይቀመጥ። ሲመሽ ደግሞ ኤልክ መንገድ ላይ ይቆማል፤ አንዱ ካለፈ ሌላው ይከተላልና ቆም ብላችሁ ጠብቁ። ስልክ ፓርኩ ውስጥ ብዙ ቦታ ስለማይሠራ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ።

ኦክቶበር ከተጋመሰ አልቋል ማለት

ትሬይል ሪጅ አብዛኛውን ጊዜ በኦክቶበር አጋማሽ ላይ ይዘጋል፣ እስከ ሜይ መጨረሻም አይከፈትም። አስፐኑም ራቁቱን ይቀራል። ታዲያ የሰዓት ቀጠሮውም አብሮ ያበቃል፣ ሰውም ይበተናል። ኤልኮቹ ግን ሜዳው ላይ ናቸው፤ የደከሙት ወንዶች ፀባቸውን ትተው ሣር ይግጣሉ። ሕዝብ የሚያስጨንቀው፣ ወይም ትናንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከሁሉ ጊዜ ይህን ሳምንት ቢመርጥ እመክራለሁ። በሥራ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ ሆርስሹ ፓርክ ላይ እስኪመሽ ቆይቶ፣ ለእራት ቤት መድረስ ይቻላል።