ለጀማሪ ባንድ የጃፓን ሮክ ስትመርጡ ድራመሩን አስቀድሙ

የጃፓን ሮክ የሚሞክር ጀማሪ ባንድ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ጊታር ላይ ሳይሆን ፍጥነት ላይ ነው። በአኒሜ (በጃፓን ካርቱን) መክፈቻ የለመድናቸው ዘፈኖች ሲሰሙ ቀላል ናቸው። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ግን የድራመሩ ክንድ ይዝላል።

ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱ። ድራመሩ ብቻውን፣ በእንጨቶቹ ጉልበቱን እየመታ፣ እስከ መጨረሻው ይከተለው። ካቃተው ዘፈኑን ተዉት። ጊታሪስት ከባድ ኮርድ ያቀላል፣ ሶሎም ይዘላል፤ ድራሙ ከተንገዳገደ ግን ሁሉም አብሮ ይንገዳገዳል።

ለመነሻ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የጃፓኑን ፓንክ ሮክ ባንድ የብሉ ሃርትስን «ሊንዳ ሊንዳ» እመርጣለሁ። ዝግ ብሎ ጀምሮ ይፈጥናል፣ ምቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። አዝማቹም ስሙ ራሱ ስለሆነ አይረሳም።

ግጥሙን በላቲን ሳይሆን በኛው ፊደል ጻፉት። የጃፓንኛ ድምፅ በአብዛኛው እንደ ፊደላችን ነው፤ «ሳኩራ» ሦስት ፊደል፣ አለቀ።

ድራመራችሁ ገና ሳምንታት ብቻ የተለማመደ ከሆነ ይህ ፈተና ሁሉንም ዘፈን ይጥልባችኋል። ያኔ የአኒሜ መክፈቻውን አጭር ቅጂ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ የምትሆነዋን፣ ብቻ ተጫወቱ።