የመኖሪያ መኪናዎን ማቀዝቀዣ ከልኩ የሚያወጡ ስህተቶች

ወተቱ ተበላሽቶ ያገኘሁት ጉዞ በጀመርን በሁለተኛው ቀን ማለዳ ነው። ማታ እጄን ወደ ማቀዝቀዣው ሳስገባ ቀዝቃዛ ነበር፤ መቆጣጠሪያውም ከአምስቱ ቁጥሮች ሦስተኛው ላይ ቆሟል። ቤት ያለው ማቀዝቀዣ በመካከለኛ ቁጥር ለዓመታት ያለ ችግር ስለሠራ፣ በመኖሪያ መኪናው ውስጥ ያለውም ያው መስሎኝ ነበር። መልካቸው ይመሳሰል እንጂ ሥራቸው ይለያያል። ይህን ሳይረዱ የሚጓዙ ሰዎች እነዚያኑ ስህተቶች ሲደጋግሙ አያለሁ። የሚከተለው ጉዳት የሚጣል ምግብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ መንገድ ላይ፣ ከሐኪም ርቆ በሆድ ሕመም የሚሠቃይ ልጅም ሊሆን ይችላል።

አስቀድመን መሣሪያውን እንወቀው። በመኖሪያ መኪኖች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ማቀዝቀዣዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ባለ ኮምፕሬሰር (ማቀዝቀዣ ጋዙን የሚጨምቅ ሞተር ያለው) ነው፤ አሠራሩ ከቤቱ ማቀዝቀዣ ጋር አንድ ነው። ሁለተኛው፣ ለረጅም ዘመን በስፋት ያገለገለው፣ በሙቀት የሚሠራው ነው። የዚህን አሠራር በ1922 የፈለሰፉት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ወጣት የስቶክሆልም ተማሪዎች ናቸው። ሞተርም ኮምፕሬሰርም የለውም። የጋዝ ነበልባል ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ያለውን የውሃና የአሞኒያ ድብልቅ ያፈላል። አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ምግቡ ክፍል ጀርባ ወርዶ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ እንደገና ይተናል። ሲተን ከምግቡ ክፍል ሙቀት ይወስዳል። በመጨረሻ ውሃው አሞኒያውን መጥጦ ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

እሳት አንድዶ ማቀዝቀዝ እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ማንኛውም ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ሥራው ሙቀትን ከውስጥ ወስዶ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ይኸኛው ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በዝግታ ነው። ይህን ከያዝን ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ወይ ሙቀት ሲያስገቡ ወይ የሙቀቱን መውጫ ሲዘጉ እናያቸዋለን።

በመቆጣጠሪያው ቁጥር መተማመን

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ እኔም የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። በመቆጣጠሪያው ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ዲግሪዎች አይደሉም። በአብዛኞቹ ማቀዝቀዣዎች ከፍ ያለው ቁጥር «የበለጠ አቀዝቅዝ» ማለት ብቻ ነው፤ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚደርስ ግን አይነግርዎትም። በቀዝቃዛ ሌሊት 3 ላይ ሆኖ ሰላጣውን በረዶ ያደረገ ማቀዝቀዣ፣ በማግስቱ በፀሐይ እኩለ ቀን በዚያው 3 ላይ ሆኖ 9 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እጅም ምስክር አይሆንም። ከሞቃት አየር የመጣ እጅ 8 ዲግሪን ቀዝቃዛ ነው ብሎ ይመሰክራል።

መፍትሔው ርካሽና ቀላል ነው፤ ቴርሞሜትር። አንድ ብርጭቆ ውሃ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡና ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ይንከሩት። የአየሩ ሙቀት በሩ በተከፈተ ቁጥር ይለዋወጣል፤ የውሃው ግን የምግቡን እውነተኛ ሁኔታ ያሳያል። ማለዳ፣ በሩን ማንም ሳይከፍተው ያንብቡት፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታም ይድገሙት። ውሃው ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መሆን አለበት። ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ክልል ምግብ የሚያበላሹና በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች በፍጥነት የሚራቡበት ነው። ለበረዶ ቤቱ የሚመከረው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው፤ በሙቀት የሚሠራ ትንሽ በረዶ ቤት በሞቃት ቀን እዚያ ላይደርስ ስለሚችል ጥሬ ሥጋን ለረጅም ጊዜ አደራ አይስጡት።

ቁጥር በሌላቸው ሞዴሎች ላይ፣ በምግቡ ክፍል ጀርባ ካሉት የብረት ቅጠሎች በአንዱ ላይ የተሰካ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር ይገኛል። ሴንሰሩ ከቦታው ከወደቀ ማቀዝቀዣው ያለ መሪ ይሠራል። በብዙዎቹ ላይ ሴንሰሩን ወደ ላይ ከፍ ሲያደርጉት ማቀዝቀዣው የበለጠ ያቀዘቅዛል፤ ወደ ታች ሲያወርዱት ይቀንሳል። ጥቂት አንቀሳቅሰው አንድ ቀን ይጠብቁ። በየሰዓቱ የሚነካካ ሰው የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ ሊያውቅ አይችልም።

በጉዞው ቀን ማብራት

ሻንጣው ከተጫነ በኋላ ማቀዝቀዣውን አብርቶ ወዲያው ምግብ መሙላት በጣም የተለመደ ነው። በሙቀት የሚሠራው ማቀዝቀዣ ባዶውን እንኳ ልኩ ላይ ለመድረስ ብዙ ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ ከመነሳትዎ ቢያንስ ከ12 ሰዓት በፊት፣ ከተቻለ ከ24 ሰዓት በፊት ያብሩት። ምግቡንና መጠጡንም በቤትዎ ማቀዝቀዣ ቀድመው አቀዝቅዘው ያስገቡ። ለብ ያለ የታሸገ ውሃ አንድ ካርቶን ማስገባት ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ የለፋበትን በአንድ ጊዜ መናድ ነው። የመኪናው ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘውን ቀዝቃዛ አድርጎ ለማቆየት ጎበዝ ነው፤ የሞቀውን ለማቀዝቀዝ ግን ደካማ ነው። የበሰለ ምግብ እየተነነ ማስገባትም ያው ነው።

መኪናውን ባዘመመ ቦታ ማቆም

ይህ ስህተት ምግብ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውንም ጭምር ይገድላል፤ ስለዚህ ጊዜ ወስጄ ላስረዳ።

በሙቀት በሚሠራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ፈሳሹን የሚገፋ ሞተር የለም ብለናል። ፈሳሹ ወደ መነሻው የሚመለሰው በራሱ ክብደት፣ በመጠኑ ተዳፋት በሆኑት ቱቦዎች ቁልቁል እየወረደ ነው። መኪናው ሲያዘምም የቱቦዎቹ ቁልቁለት ይጠፋል፤ ፈሳሹ በአንድ ጥግ ይጠራቀማል። ነበልባሉ ግን ይህን አያውቅም፤ ማሞቁን ይቀጥላል። ፈሳሽ ያጠረው ማፍያ ቱቦ ከልክ በላይ ይግላል፤ ቱቦውን ከዝገት እንዲጠብቅ የተጨመረው ኬሚካልም በሙቀቱ እየጠጠረ መተላለፊያውን ይደፍናል። የጠጠረው ተመልሶ አይሟሟም። ጉዳቱ በአንድ ምሽት ላይታይ ይችላል። ዛሬ ሁለት ሰዓት፣ በሚቀጥለው ጉዞ ሦስት ሰዓት እያለ ይደመርና አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ማቀዝቀዙን ያቆማል። ሰው «ባለፈው ደህና ነበር እኮ» ይላል። ደህና አልነበረም፤ ጉዳቱ እየተጠራቀመ ነበር።

ብዙ የአምራቾች መመሪያዎች በግራና በቀኝ እስከ 3 ዲግሪ፣ በፊትና በኋላ እስከ 6 ዲግሪ የሚደርስ ማዘንበልን ይፈቅዳሉ፤ አሮጌዎቹ ከዚህም ያነሰ ነው የሚችሉት። የራስዎን መመሪያ ይመልከቱ። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ ልክ በበረዶ ቤቱ ወለል ላይ ያኑሩና መኪናውን ከጎማው ሥር በሚገባ መደገፊያ ያስተካክሉ። መኪናው ሲጓዝ ግን ስጋት አይግባዎት፤ የመንገዱ ንቅናቄ ፈሳሹ በአንድ ቦታ እንዳይቆም ያደርገዋል። የሚጎዳው አዘንብሎ መቆም ነው፤ ለምሳ ተብሎ ዳገት ላይ የሚቆመው አንድ ሰዓትም ይቆጠራል። በዚያ ሰዓት ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ይሻላል፤ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ምግቡ ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ባለ ኮምፕሬሰሩ በዚህ ረገድ ብዙ ይችላል፤ መጠነኛ ማዘንበል አያሳስበውም።

ጀርባውን ማፈን

ከውስጥ የተወሰደው ሙቀት በመኪናው ጎን ላይ ባሉት መተንፈሻዎች መውጣት አለበት። ከታች ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ከቱቦዎቹ ሙቀት ተቀብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልክ እንደ ጭስ መውጫ። ይህ የአየር ፍሰት ከተስተጓጎለ የፈለገውን ያህል ነበልባል ቢኖር ውስጡ አይቀዘቅዝም።

የሚያስተጓጉሉት ነገሮች ብዙ ናቸው። የወፍ ጎጆ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የተርብ ቤት፣ ክረምት ላይ ተከድኖ የተረሳ የመተንፈሻ ሽፋን። ሽፋኑ የሚያስፈልገው የውጭው አየር ከ10 ዲግሪ አካባቢ በታች ሲወርድ ነው፤ ሲሞቅ መነሳት አለበት። በጉዞ ወቅት መጀመሪያ የታችኛውን መተንፈሻ ከፍተው በባትሪ መብራት ውስጡን ይመልከቱ። ሸረሪቶች በጋዝ ማቃጠያው ጠባብ ቱቦ ውስጥ ድር ማድራት ይወዳሉ፤ ጥላሸትና ዝገትም እዚያው ይጠራቀማል። ነበልባሉ ሰማያዊና የተረጋጋ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ የሚወላውል ነበልባል ጋዙ በትክክል እንደማይቃጠል ይናገራል፤ ማጽዳቱን ለባለሙያ ይተዉት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጉድለት ከአገጣጠሙ ይመጣል። በማቀዝቀዣው ጀርባና በመኪናው ግድግዳ መካከል ሰፊ ክፍተት ከተተወ፣ አየሩ ቱቦዎቹን ሳይነካ በክፍተቱ በኩል አልፎ ይሄዳል። ሰፊ ክፍተት ለአየር ጥሩ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ አየሩ ቱቦዎቹን ታክኮ እንዲያልፍ በቆርቆሮ መምራት ያስፈልጋል። በላይኛው መተንፈሻ ሥር የሚገጠም ትንሽ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያም በሞቃት ቀን የሚታይ ለውጥ ያመጣል። እኔ በዚህ ላይ ካወጣሁት ገንዘብ ይልቅ ቀድሜ ባለማውጣቴ ነው የሚቆጨኝ። ነጻው መፍትሔ ደግሞ መኪናውን ሲያቆሙ የመተንፈሻው ጎን ከከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንዲሸሽ ማድረግ ነው።

ውስጡን መጠቅጠቅና በሩን መርሳት

በአብዛኞቹ ትናንሽ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ አየር የሚያንቀሳቅስ ነገር የለም። ቀዝቃዛው አየር በመደርደሪያዎቹ ፍርግርግ በኩል ራሱ ይወርዳል። መደርደሪያውን በወረቀት ወይም በፎይል መሸፈን፣ ዕቃውን ከጀርባ ካሉት የብረት ቅጠሎች ጋር ማጣበቅ መንገዱን ይዘጋል። በዕቃዎቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የውስጥ ማራገቢያም ይረዳል።

የበሩን ጎማ ለመፈተሽ አንድ ቁራጭ ወረቀት በበሩ ጠርዝ ላይ አድርገው ይዝጉትና ይሳቡት። ሳይያዝ ከወጣ በዚያ በኩል ሙቀት ይገባል። ጎማውን በለብታ ውሃና በሳሙና አጥበው እንደገና ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እድፍ ብቻ ነው።

በብረት ቅጠሎቹ ላይ በረዶ ከተጋገረ ያቅልጡት፤ በረዶ ሙቀት ያግዳል። ቢላዋ ግን አይንኩ። ማቀዝቀዣውን አጥፍተው፣ ሙቅ ውሃ በሳህን ውስጡ አስቀምጠው ይጠብቁ።

የኃይል ምንጩን ሳያስቡ መቀየር

በጋዝ፣ በቤት ኤሌክትሪክና በ12 ቮልት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሦስቱን እኩል አይጠቀምም። በ12 ቮልት ከ10 እስከ 15 አምፔር ሊስብ ይችላል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የሊድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ይህ አማራጭ የተሰናዳው ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን በሚሞላበት ጊዜ እንዲያገለግል ነው፤ ያኔም ቢሆን የተገኘውን ቅዝቃዜ ከመጠበቅ ያለፈ አቅም የለውም። ሲቆሙ ወደ ጋዝ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ያዙሩት። ባለ ኮምፕሬሰሩ ከዚህ በጣም ያነሰ ይስባል፤ የእሱ ጠላት ቀጭን ሽቦ ነው፤ ቮልቱ መንገድ ላይ ወርዶ ማቀዝቀዣው ባትሪው ሳያልቅ ራሱን ያጠፋል።

ከፍታ ቦታ ላይም ነገር ይለወጣል። አየሩ ሲሳሳ ነበልባሉ ይዳከማል፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ካለፉ በኋላ በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ሊደክም ወይም ነበልባሉ ሊጠፋበት ይችላል። ኤሌክትሪክ ካለ ያኔ ኤሌክትሪክ ይጠቀሙ። ነዳጅ ማደያ ከመግባትዎ በፊት ደግሞ ጋዙን ያጥፉ፤ ከኋላ የሚነድ ነበልባል እንዳለ መርሳት ሕይወት ያስከፍላል።

ምልክት አይቶ ማለፍ

ማቀዝቀዣው ውስጥ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከሸተተዎት ወይም ከኋላ በቱቦዎቹ ላይ ቢጫ ዱቄት ካዩ፣ ቱቦው ተሰንጥቆ ፈሳሹ እየወጣ ነው። ዱቄቱ መርዛማ ነው፤ በእጅዎ አይንኩት። የሚወጣው ሃይድሮጅንም ተቀጣጣይ ነው። ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም አጥፍተው፣ መስኮቶቹን ከፍተው፣ ሰዎቹን ከመኪናው ያስወርዱ። ባለሙያ ሳያየው ዳግም አይብራ።

ቴርሞሜትሩ ከ4 ዲግሪ በላይ ከሁለት ሰዓት ለበለጠ ጊዜ ከቆየ፣ ሥጋውን፣ ወተቱን፣ የበሰለውን ምግብ ይጣሉት። ከማቀዝቀዣ ውጭ የቀረ ምግብም ገደቡ ሁለት ሰዓት ነው፤ የአካባቢው አየር ከ32 ዲግሪ ካለፈ አንድ ሰዓት ብቻ ይበቃዋል። አሽትቶ ወይም ቀምሶ መወሰን አይቻልም፤ በሽታ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ሽታም ጣዕምም ሳይለውጡ ሊበዙ ይችላሉ።