የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ መሰብሰብ ለምትጀምሩ

ያስጀመረችኝ አያቴ ዳዊታቸው ውስጥ ያስቀመጧት የ5 ሽልንግ ኖት ናት። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1945 እ.ኤ.አ. አዲሱ ብር እስኪወጣ፣ ይህ የእንግሊዞች ገንዘብ እኛም አገር ይሠራ ነበር።

የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ የተቋቋመው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ የየብስ ክፍል)። ኖት ስታገኙ መጀመሪያ ቀኑን አንብቡ። ከዚያ የእንግሊዙን ንጉሥ ወይም ንግሥት ምስል፦ ጆርጅ 5ኛ፣ ጆርጅ 6ኛ ወይስ ኤልሳቤጥ 2ኛ? ፊርማዎቹንም መዝግቡ። በጦርነቱ ጊዜ የወጣችውን የ1943 እ.ኤ.አ. 1 ሽልንግ እኔ በጣም እወዳታለሁ።

ሳትገዙ በፊት በመስኮት ብርሃን እዩት። የመርፌ ቀዳዳና የተጣበቀ ቅድ ያኔ ይታያል።

አደራ፣ አትጠቡት፤ ካውያም አታስነኩት። እኔ ሁለተኛ ኖቴን ተኩሼ እጥፋቱ ጠፋ፤ ግን እጅ ላይ የሚሻክረው ቀለምም አብሮ ተደፈጠጠ። ዛሬም ሳየው ያንገበግበኛል። እጥፋት ያለው ኖት እንዳለ ይሻላል።

ፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ያለበት ላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቆይቶ ወረቀቱን ያበላሻል። ጥርት ካለ የፖሊስተር ፕላስቲክ (ከጨርቁ አይደለም) የተሠራ መያዣ ግዙ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደገዛችሁ በተለየ ወረቀት ጻፉ። ኖቱ ላይ ግን በእርሳስም ቢሆን ምንም አትጻፉ።