ለውድድር ሽጉጥ ተስተካካይ ማነጣጠሪያ ወይስ ቋሚ?

በጎጃም ከአባቱ የወረሰውን ጠመንጃ የሚይዝ ሰው የመሣሪያውን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል። «ይኸኛው ወደ ግራ ይስባል፤ ያኛው ከፍ አድርጎ ይጥላል» ይልና እንደ ጠባዩ ዐይኑን ከዒላማው ጥቂት ፈቀቅ አድርጎ ይተኩሳል። ይህ ልማድ ለአንድ ጥይትና ለሰፊ ዒላማ ይበቃ ይሆናል፤ ነጥብ በሚሊ ሜትር በሚለካበት የሽጉጥ ውድድር ግን ተኳሹን ይጎዳዋል፤ ምክንያቱም «ጥቂት ወደ ቀኝ» ተብሎ የሚገመተው ርቀት በእያንዳንዱ ተኩስ ይለያያል። ስለዚህ የውድድር ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ጥይቱ ማነጣጠሪያው ካመለከተው ቦታ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርገው ምንድን ነው ብሎ ነው፤ ብሎን ነው፣ ሞረድ ነው ወይስ ግምት? ግምትን ከወዲሁ እንተወውና ሁለቱን፣ በብሎን የሚስተካከለውን ተስተካካይ ማነጣጠሪያና በሞረድ የሚገራውን ቋሚ፣ እንመልከት።

ሁለቱም ዓይነት ማነጣጠሪያ የሚሠራው በአንድ ሕግ ነው። በአፈሙዙ በኩል የቆመው የፊት ማነጣጠሪያ በኋላው ማነጣጠሪያ ስንጥቅ መካከል ሲገባ፣ የሁለቱ አናት ሲስተካከል፣ በግራና በቀኝ የሚታየውም ብርሃን እኩል ሲሆን መሣሪያው በትክክል ተነጣጥሯል ይባላል። ልዩነቱ ከኋላው ክፍል ላይ ነው። ተስተካካዩ አንዱ ከፍታውን፣ ሌላው ጎኑን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ብሎኖችና ትንሽ ሞላ አለው፤ ብሎኑ በተዞረ ቁጥር «ቀጭ» እያለ በእኩል እርምጃ ይሄዳል። ቋሚው በሽጉጡ አናት ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ጠብቆ የገባ አንድ ብረት ነው፤ ጎኑ የሚስተካከለው በነሐስ ዘንግ ቀስ እየተመታ ሲገፋ፣ ከፍታው ደግሞ በአብዛኛው የፊቱ ማነጣጠሪያ ሲሞረድ ወይም ሲለወጥ ነው።

ትንሽ መዛነፍ ምን ያህል እንደሚያስት በቀላል ስሌት ይታወቃል፤ ማነጣጠሪያው የተዛነፈበት መጠን በፊቱና በኋላው መካከል ላለው ርቀት ይካፈልና እስከ ዒላማው ባለው ርቀት ይባዛል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 320 ሚሊ ሜትር ያለው የአየር ሽጉጥ፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት በሚያህል በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ በ10 ሜትር ላይ ጥይቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻል፤ በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የዚህ ዒላማ የ10 ነጥብ ክብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመካከሉ 160 ሚሊ ሜትር ብቻ ያለው አጭር ሽጉጥ ደግሞ በዚያው 0.1 ሚሊ ሜትር ምክንያት በ25 ሜትር ላይ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ይስታል።

በ10፣ በ25 ወይም በ50 ሜትር ላይ በአንድ እጅ ቆሞ ለሚተኮስ የትክክለኛነት ውድድር ተስተካካዩን ይምረጡ፤ በዚህ ላይ የማመነታበት ምክንያት የለኝም። የፌዴሬሽኑ ደንብ በእነዚህ የሽጉጥ ውድድሮች በሽጉጡ ላይ የሚገጠም የማነጣጠሪያ መነጽርም ሆነ ሌዘር ስለማይፈቅድ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በክፍቱ ማነጣጠሪያ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ አብዛኛው ተኳሽ የሚያነጣጥረው በጥቁሩ ክብ መሐል ላይ ሳይሆን ከሥሩ ነው፤ ጥቁር ማነጣጠሪያ በጥቁር ክብ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ይጠፋልና። የ10 ሜትሩ ጥቁር ክብ ስፋቱ 59.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ከታችኛው ጠርዝ ላይ የሚያነጣጥር ሰው ጥይቱ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲያርፍ ይፈልጋል፤ በጠርዙና በማነጣጠሪያው መካከል ቀጭን ነጭ መስመር የሚተው ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። የነጩ መስመር ውፍረት እንደየሰዉ ዐይን ስለሚለያይ ፋብሪካው አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም።

ሽጉጥ ከማኅደሩ እየተመዘዘ፣ ተኳሹም እየተንቀሳቀሰ በቅርብ ርቀት ላይ ባሉ ሰፋፊ ዒላማዎች የሚተኩስበት የፍጥነት ውድድር ግን ሌላ ነው። እዚያ አንድ ዓይነት ጥይት፣ አጭር ርቀትና አንድ ዓይነት አነጣጠር ስላለ፣ አንድ ጊዜ በደንብ የተገራ ቋሚ ማነጣጠሪያ ለዓመታት ሳይነካ ያገለግላል፤ በልብስና በማኅደር ጠርዝ የሚያዝ ሹል ነገር የለውም፤ ቢወድቅም የሚሰበር ሞላ የለውም። የየውድድሩ ክፍል የሚፈቅደውና የሚከለክለው ስለሚለያይ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚወዳደሩበትን ክፍል ደንብ ያንብቡ።

እዚህ አካባቢ ለሚኖር ተኳሽ ሁለት ነገሮች ምርጫውን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይስቡታል። አንደኛው ጥይት ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥይት ማግኘት የማይችል ሰው ያገኘውን ይተኩሳል፤ በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ክብደቱ 7.5 ግራም የሆነውን ጥይት ትቶ ወደ 9.5 ግራሙ ሲዛወር ደግሞ፣ ከባዱ ጥይት ቀስ ብሎ ስለሚሄድና አፈሙዙ ወደ ላይ መነሳት ከጀመረ በኋላ ስለሚወጣ ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ ይመታል። ይህ ለተስተካካዩ ይፈርዳል። ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከቡሬ ሆኖ አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ሞላ መፈለግ ቀላል አይደለም፤ ይህ ደግሞ ለቋሚው ይፈርዳል። የእኔ ፍርድ፣ ለትክክለኛነት ውድድር ተስተካካዩን ገዝቶ መለዋወጫ ብሎንና ሞላውን ከሽጉጡ ጋር አብሮ መግዛት ይሻላል የሚል ነው፤ በኋላ ከመፈለግ አሁን መጨመር ይቀላል። ሽጉጡም ጥገናውም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር እንደሚወድቅ አይዘንጉ፤ ያለ ፈቃድ የሚገዛም የሚጠገንም የለም።

ከመወሰንዎ በፊት ሽጉጡን ይፈትኑት። በሚወዳደሩበት ርቀት፣ በሚወዳደሩበት ጥይትና አቋቋም፣ ማነጣጠሪያውን ሳይነኩ አምስት አምስት ጥይት በሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ ይተኩሱ። ሦስቱም ስብስቦች በአንድ ቦታ ተጠጋግተው ካረፉ፣ ያ ቦታ ከመሐል ቢርቅም ችግሩ የማነጣጠሪያ ነው፤ ይስተካከላል። ጥይቶቹ ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ ግን የሚስተካከለው ቃታ አሳሳብ፣ አያያዝ ወይም ጥይቱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ብሎን ማዞር ስሕተቱን ይሰውረዋል እንጂ አያርመውም። አንድ ጥይት በሳተ ቁጥር ካቻቢቴ የሚያነሣ ጀማሪ፣ ተስተካካይ ማነጣጠሪያ ባይኖረው ይሻለው ነበር።

ቋሚውን ከመረጡ፣ የኋላው ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት ጎን ይገፋል፤ የፊቱ ደግሞ በተቃራኒው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዐይንም በጣትም ካረጋገጡ በኋላ በቆዳ ጠቅልለው በሞርሳ ያጥብቁት፤ በብረት ሳይሆን በነሐስ ዘንግ ይምቱ፤ ከመምታትዎ በፊት የነበረበትን ቦታ በቀጭን የእርሳስ መስመር ያመልክቱ። ለከፍታው ስሌቱን ይጠቀሙ፤ 160 ሚሊ ሜትር ያለው ሽጉጥ በ25 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከመታ፣ ከፊቱ ማነጣጠሪያ አናት የሚነሣው 0.32 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፊቱ ባጠረ ቁጥር ጥይቱ ከፍ ይላል። የሞረዱት ብረት ስለማይመለስ ግማሹን ብቻ ሞርደው ተኩሰው ይዩ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ያነሡታል። ከፍ ብሎ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ረዘም ያለ የፊት ማነጣጠሪያ ከመግዛት በስተቀር መድኃኒት የለውም፤ ስለዚህ ያገለገለ ሽጉጥ ሲገዙ የፊቱ አናት በሞረድ የተነካ መሆን አለመሆኑን አጥብቀው ይመልከቱ።

ተስተካካዩን ከመረጡ፣ በብሎኑ አጠገብ ያለውን ቀስትና ፊደል አይመኑት። በአንዳንዱ ሽጉጥ ቀስቱ ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል፤ በሌላው ደግሞ ጥይቱ የወደቀበትን ጎን ጠቅሶ «እዚህ ከወደቀ ወደዚህ አዙር» ማለቱ ነው። አንድ ስብስብ ተኩሰው፣ ብሎኑን አሥር «ቀጭ» አዙረው፣ ሌላ ስብስብ ይተኩሱ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለአሥር ሲካፈል የአንድ እርምጃ ዋጋ ይወጣል። ይህን ቁጥር ከጥይቱ ዓይነት ጋር በማስታወሻ ደብተር ያስፍሩት። አቅጣጫ ሲቀይሩ ብሎኑ ጥቂት ባዶውን የመዞር ልማድ ስላለው፣ ከሚፈልጉት ቦታ ሁለት እርምጃ አልፈው ይመለሱና ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ይድረሱበት። የመጨረሻው ቦታ ሲገኝ በብሎኑና በአካሉ ላይ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ይሳሉ፤ ተኩሱ ብሎኑን ቢያላላው መስመሩ ይሰበራልና ሳይተኩሱ ያውቁታል።

ከክረምቱ ደመና በኋላ የሚወጣው የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይ በደጋው ላይ ብርቱ ስለሆነ ብዙ ተኳሽ ማነጣጠሪያው የተዛነፈ ይመስለዋል። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ሲወድቅ የፊቱ ማነጣጠሪያ አንድ ጠርዝ ያብለጨልጭና ዐይን መሐሉን ይስታል። መድኃኒቱ ብሎን ሳይሆን ጥላሸት ነው፤ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ፣ ዘይቱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ከጥይትና ከማጽጃ ነዳጅ ራቅ ብሎ፣ የሁለቱም ማነጣጠሪያ ጀርባ ከኩራዝ ጭስ በላይ ጥቂት ሲያዝ ልስልስ ጥቁረት ይይዛል። በጣትዎ አይንኩት። በውድድሩ ዕለት ይህን ካደረጉ በኋላ በዝግጅትና በመለማመጃ ተኩስ ጊዜ፣ ይህም በፌዴሬሽኑ የ10 ሜትር ውድድር 15 ደቂቃ ነው፣ አንድ ስብስብ ይተኩሱ፤ በደብተርዎ ባለው የእርምጃ ዋጋ መሠረት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ያዙሩና ካቻቢቴውን ወደ ሳጥኑ ይመልሱት።