«በሰዓት ስንት ይከፍላል?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ

አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው ሥራ ሲፈልግ ጥያቄው አንድ ነው፤ «በሰዓት ስንት ይከፍላል?» መልሱን ሰምቶ ይሮጣል። ኤፕሪል ሲደርስ ይደውላል፤ «ይሄን ያህል ታክስ አለብህ ተባልኩ፣ ምን ይሻለኛል?» አንድ ሁለት ሰው በስልክ ማስረዳት ይቻላል፣ አሥረኛው ላይ ግን መጻፍ ይቀላል። የሶሻልና የሥራ ፈቃዱን ጉዳይ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ከሰዓት ክፍያው በፊት የሚጠየቀው «በደብልዩ-2 ነው ወይስ በ1099?» የሚለው ነው። ደብልዩ-2 ለተቀጣሪ፣ 1099 ደግሞ በግሉ ለሚሠራ ሰው የሚሰጥ የዓመት የገቢ ወረቀት ነው። እኔም የተያዝኩበት ወጥመድ ስለሆነ እዚህ ላይ እቆያለሁ። በደብልዩ-2 ከተቀጠራችሁ አሠሪው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለመንግሥት የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መድን) 7.65 በመቶ ከቼካችሁ ይቆርጣል፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ከራሱ ይከፍላል። የገቢ ግብሩንም እየቀነሰ ያስገባል። በ1099 ግን በሕግ ፊት እናንተው ነጋዴ ናችሁ፤ ሁለቱንም ድርሻ፣ 15.3 በመቶውን፣ የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ቼኩ ሳይቆረጥ ሲመጣ ደስ ይላል። ሰው የሚሸወደውም እዚያ ላይ ነው።

በሳምንት 50 ሰዓት ሠራችሁ እንበል። በ1099 በሰዓት 20 ዶላር ሲከፈል 1,000 ዶላር ይሆናል። በደብልዩ-2 በሰዓት 19 ዶላር ከሆነ ለ40 ሰዓቱ 760፣ ለቀሪው 10 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚታሰብ 285፣ በድምሩ 1,045 ይመጣል። በ1099 15.3 በመቶው የሚሰላው ከትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከ1,000ው ወደ 141 ዶላር ይወጣና 859 ይቀራል። ከ1,045ቱ 80 ተቆርጦ 965 ይቀራል። የገቢ ግብር ገና አልተነካም። «20 ዶላር የሚከፍለው» ሥራ 106 ዶላር አነሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ 1099 የያዘ ሰው ከሥራ ቢወጣ የሥራ አጥ ክፍያ በተለመደው መንገድ አያገኝም፣ ጀርባውን ቢጎዳም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳክመው ራሱ ነው።

ምልክቱ የመጀመሪያው ቀን ፎርም ላይ አለ። አይ-9 (የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫው) እና ደብልዩ-4 (ከቼክ የሚቆረጠው የገቢ ግብር የሚሰላበት) ከሰጧችሁ ተቀጣሪ ናችሁ። ደብልዩ-9 (ለ1099 ሠራተኛ የሚሰጠው) ብቻ ከሰጧችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ጠይቁ። ምግብና ዕቃ የሚያደርሱት አፖች 1099 መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ለእነሱ ቀኑን፣ ማይሉንና የሄዳችሁበትን በየዕለቱ መዝግቡ፣ ከየክፍያው ሩቡን ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀምጡ፣ ታክሱን በዓመት አራት ጊዜ (ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ 15) ክፈሉ። ነገር ግን ሰዓታችሁን የሚወስን፣ ዩኒፎርም የሚያለብስ፣ «እንዲህ አድርጉ» እያለ የሚያዝ የጽዳት ወይም የእንክብካቤ ድርጅት 1099 ሲሰጥ የራሱን ድርሻ በእናንተ ላይ እየጣለ ነው። ፈርማችሁ እንኳ ቢሆን ነገሩ አልተዘጋም፤ ኤስኤስ-8 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ) ተቀጣሪ መሆን አለመሆናችሁን እንዲወስን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ክፍያ የለውም። መልሱ ግን ወራት ይፈጃልና ታጋሽ ሁኑ። ቢሮ ነው።

አይ-9 ላይ ደግሞ የትኛውን ወረቀት እንደምታሳዩ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ከፎርሙ ዝርዝር ውስጥ እስከሆነ ድረስ «ግሪን ካርድ ካላመጣችሁ» ማለት አይችሉም። ወረቀቱን ለማቅረብ ሥራ ከጀመራችሁበት ቀን በኋላ ሦስት የሥራ ቀን አላችሁ።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ትልቁ ችግር «እሺ» ነው። እኛ ጋ «እሺ» ማለት ሰምቻለሁ፣ አከብርሃለሁ ማለት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ግን ራስ ሲነቀነቅ ሲያይ ገብቷቸዋል፣ ይሠሩታል ብሎ ይሄዳል። ያልገባ ነገር ላይ «እሺ» ያለ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰነፍ ወይም ውሸታም ይባላል። ስለዚህ ትእዛዙን በአጭሩ መልሳችሁ ንገሩት፦ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእኩለ ቀን በፊት፣ 304ን ሳልነካ። ልክ ነኝ?» ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ነፃ ነው፤ በሦስተኛው ወር ያንኑ መጠየቅ ያስገምታል።

ሥራ ያስገባችሁ አበሻ «ሰባት ሰዓት ላይ ግባ» ካላችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ። የሚያስቅ ይመስላል፤ በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት አርፍዶ የመጣ ሰው ግን አይስቅም።

ሺፍት ስትቀያየሩ በቃል አትስማሙ። ስሙ ስኬጁሉ ላይ ያለው ሰው ካልመጣ «ኖ ኮል ኖ ሾው» (ሳይደውል ቀረ) ተብሎ የሚጻፈው በእሱ ላይ ነው፣ ጓደኛው ቃል ቢገባለትም። ሱፐርቫይዘሩ በቴክስት «ይሁን» እስኪል ቅያሬ የለም። መቅረት ግድ ከሆነም ራሳችሁ ደውሉ፣ ከሺፍቱ በፊት፤ «ለእገሌ ነግሬዋለሁ» አይሠራም። ሥራ ስታስረክቡ የተሠራውን፣ ያልተሠራውንና የሚጠበቀውን ሦስቱንም ተናገሩ። አማርኛ የማያውቅ ሰው ባለበት በአማርኛ መሳሳቅን በተመለከተ የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ የሚታማው እሱ ባይሆንም እሱ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው፣ ነገ ስትቸገሩም አያግዛችሁም።

ዲግሪ ይዛችሁ ለመጣችሁ፦ ትምህርቱን ከማስገምገማችሁ በፊት የምትገቡበትን ትምህርት ቤት ወይም ፈቃድ ሰጪውን ቦርድ የትኛውን ገምጋሚ እንደሚቀበል ጠይቁ። ርካሹ ግምገማ ዲግሪ እንዳላችሁ ብቻ ይናገራል። ብዙ ቦታ የሚፈለገው እያንዳንዱን ኮርስ ከክሬዲቱና ከውጤቱ ጋር የሚዘረዝረው፣ «ኮርስ ባይ ኮርስ» የሚባለው ነው፤ ርካሹን የገዛ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አብዛኛውን ጊዜ ስቱደንት ኮፒ አይቀበሉም፣ ኦፊሻሉ ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት። ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲውን የወጪ መጋራት ዕዳ) ያልዘጋ ደግሞ እሱን አያገኝም። ገና ያልመጣችሁ ከአገር ሳትወጡ ጨርሱት፣ የመጣችሁ ደግሞ በኤምባሲ በኩል ለቤተሰብ ውክልና ላኩ።

ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት) ለመማር ለምታስቡ፣ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ስቴቶች አሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ነርሲንግ ሆሞችን ዙሩ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጠው የመንግሥት የሕክምና መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ቀጥሯችሁ ወይም ቅጥር አቅርቦላችሁ ከጀመራችሁ ሥልጠናውን ሊያስከፍላችሁ አይችልም። በራሳችሁ ከፍላችሁ ተምራችሁ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ባለ ቦታ ከተቀጠራችሁም የሚመለስላችሁ ገንዘብ አለ፤ ማንም ግን ጠርቶ አይሰጣችሁም። ኦቨርታይም በመጣ ቁጥር «እሺ» የሚል ሰው ደግሞ ክፍል የሚገባበት ሰዓት አይተርፈውም። ሁለት ምሽት ቆርጣችሁ «አልችልም» በሉ።

ስትለቁ፦ አዲሱ ቦታ ኦፈሩን በጽሑፍ ሳይሰጥና ባክግራውንድ ቼኩ (የኋላ ታሪክ ምርመራው) ሳያልቅ አትናገሩ። ከዚያ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ በኢሜይል ስጡ። ከመጨረሻው ቀን በፊት ፔይ ስታቦቻችሁን (የክፍያ ዝርዝር ወረቀቶቻችሁን) ሁሉ ዳውንሎድ አድርጉ፣ ፓስወርዱ በማግስቱ ሊዘጋ ይችላል። አድራሻችሁንም አስተካክሉ፤ ደብልዩ-2ው እስከ ጃንዋሪ 31 የሚላከው እነሱ ዘንድ ወደተመዘገበው ቤት ነው፣ የወጣችሁበት የጋራ ቤት ቢሆንም።