የሊባኖስን ፖለቲካ ስንተነትን የምንሳሳታቸው ነገሮች

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ክርስቲያንና ሙስሊም የተዋጉበት ጦርነት ነው» ማለት

ከ1975 እስከ 1990 የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት እንዲህ ከተጠቃለለ ብዙው ውጊያ ሳይነገር ይቀራል። ሶሪያ በ1976 ጦሯን ስታስገባ የታደገችው የማሮናይት ክርስቲያኖችን ኃይል ነበር፤ የወጋችው ደግሞ የፍልስጤም ታጣቂዎችንና የግራ ክንፍ አጋሮቻቸውን ነው። ከ1985 ጀምሮ የሺዓው ሚሊሻ አማል ቤይሩት ውስጥ የፍልስጤም ስደተኞችን ካምፖች ከብቦ ደበደበ። ጦርነቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ አማልና ሂዝቦላህ፣ ሁለቱም ሺዓዎች፣ ተገዳደሉ። በ1990 ደግሞ ሁለት ማሮናይቶች፣ ጄኔራል ሚሼል አውንና የሚሊሻ መሪው ሳሚር ጃጃ፣ ጦር ተማዘው ምሥራቅ ቤይሩትን አፈራረሱ። ስለ አንድ ታጣቂ ቡድን ሲነገር ሃይማኖቱን መስማት አይበቃም፤ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ሰፈር፣ መሣሪያውንስ ማን ሰጠው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ክፍፍሉ ሁሉ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ ይመስለናል

ፕሬዚዳንቱ ማሮናይት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ የሚሆኑት በልማድ ነው፤ መሠረቱም የ1943ቱ ያልተጻፈ ስምምነት ነው። በጽሑፍ የሰፈረው የፓርላማው ድርሻ ነው። ድሮ 6 ለ5 ለክርስቲያኖች ያደላ ነበር፤ ጦርነቱን ለማስቆም ከተደረገው የ1989ኙ የታኢፍ ስምምነት ወዲህ እኩል ሆኗል። ዛሬ ከ128ቱ መቀመጫዎች ማሮናይት 34፣ ሱኒና ሺዓ 27፣ 27፣ ድሩዝ የተባለው አነስተኛ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ደግሞ 8 አላቸው። መቀመጫው ለአንድ ወገን ይመደብ እንጂ መራጩ የዚያ ወገን ብቻ አይደለም፤ በምርጫ ክልሉ የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ለቀረቡት የእጩ ዝርዝሮች ድምፅ ይሰጣል። የሱኒ ድምፅ የክርስቲያኑን ወንበር ሊወስን ይችላል ማለት ነው። አብዛኛው ጥምረትና ክህደት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

በመቶኛ መናገር

«ሺዓ ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚል አኃዝ ሁሉ ግምት ነው። የመጨረሻው ይፋ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1932 ነው። እንደገና ቢቆጠር የወንበር ክፍፍሉ ጥያቄ ስለሚነሳበት ማንም አይነካውም።

የድምፅ ብልጫን ብቻ መቁጠር

ፓርላማው ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ 65 ድምፅ ይበቃዋል፤ ምልዓተ ጉባኤው ግን 86 ነው። ስለዚህ 43 አባላት ከአዳራሹ ከወጡ ምርጫ የለም። በሰኔ 2023 የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ የሆነው ይኸው ነው። ከጥቅምት 2022 መጨረሻ እስከ ጥር 9 ቀን 2025፣ የጦር አዛዡ ጆሴፍ አውን (ከሚሼል አውን ሌላ ሰው ናቸው) በሁለተኛው ዙር በ99 ድምፅ እስኪመረጡ ድረስ፣ ወንበሩ ባዶ ነበር። ዜናውን ስታነቡ ደጋፊ ከመቁጠራችሁ በፊት ማን ሊቀር እንደሚችል ቁጠሩ።

ወዳጅነትን በሃይማኖት መተንበይ

የሚሼል አውን ፓርቲ በየካቲት 2006 ከሂዝቦላህ ጋር የመግባቢያ ሰነድ የተፈራረመው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በ2016 አውንን ለፕሬዚዳንትነት ካበቃቸው ድጋፍ አንዱ የሱኒው የሳድ ሃሪሪ ነበር፤ የቀድሞ ጠላታቸው ጃጃም ደግፈዋቸዋል።

የቤት ሠራተኛን በደል በማዳሟ ሃይማኖት መፍታት

ብዙ ኢትዮጵያውያት እዚያ ስለሚሠሩ ይህ ስህተት እኛ ዘንድ ይበዛል። የ1946ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አድርጓል፤ ካፋላ የሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓትም የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስራል። ማዳሟ ማሮናይትም ትሁን ሺዓ፣ ሕጉ አንድ ነው።